ሁለት ሟች በአንድ ቤት፦ የቴሌቪዥኑ ቡድን የሚዘለው ሥራ

ጤና ይስጥልኝ፤ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ትዕይንቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከከተማ ወጣ ያለ ጸጥ ያለ ሰፈር፣ ሣሩ የተከረከመ ግቢ፣ ጋራዡ የተዘጋ ቤት። ባልና ሚስት ሞተው ተገኝተዋል። የፎረንሲክ ቡድኑ የቤቱን መብራት ሳያበራ በእጅ ባትሪ ይገባል። አንዷ ፀጉሯን እንደለቀቀች አስከሬኑ ላይ ታጎነብሳለች። አንዱ የሆነ ነገር ረጭቶ ሰማያዊ መብራት ሲያበራ ግድግዳው ይንቦገቦጋል። ማታ ላብራቶሪ ይገባሉ፤ ኮምፒውተሩ ፎቶና ስም ያወጣል። ያው ቡድን ሄዶ ተጠርጣሪውን ይይዛል፣ ያናዝዛል። ይህ ሁሉ ማስታወቂያውን ጨምሮ በአንድ ሰዓት ያልቃል።

የዚህ ዓይነቱን ድራማ በዓለም ያስፋፋው ሲኤስአይ የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ነው። የቴሌቪዥን ጣቢያው ሲቢኤስ የመጀመሪያውን ክፍል ያስተላለፈው ኦክቶበር 6 ቀን 2000 ነበር፤ ታሪኩ ላስ ቬጋስ ውስጥ የሚካሄድ ሲሆን እስከ 2015 ዘልቆ ማያሚንና ኒው ዮርክን የመሳሰሉ ተከታዮችን ወልዷል። ድራማው ሕዝቡ ስለ ማስረጃ እንዲያስብ አድርጓል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መሣሪያዎቹም ቢሆኑ አብዛኞቹ በእውን ያሉ ናቸው። የጎደለው ሌላ ነው፤ የማወራውም ስለዚያ ነው።

ሁለት ሰው በአንድ ቤት ሲገደል የፎረንሲክ ሥራ ማለት መለየት ማለት ነው። የአንዱን ሟች ደም ከሌላው፣ የቤተሰቡን አሻራ ከእንግዳው፣ የአምቡላንስ ሠራተኛውን የጫማ ዱካ ከገዳዩ፣ የመርማሪውን ግምት ከላብራቶሪው ውጤት መለየት። ድራማው ጊዜ ስለሌለው ሁሉንም አንድ ላይ ያመጣል፦ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ጓንት፣ አንድ ሰው። እውነተኛ ምርመራ የሚበላሸውም በአብዛኛው ተለይቶ መቆየት የነበረበት ነገር ሲነካካ ነው።

ከበሩ እንጀምር። ቀድሞ የሚደርሰው በመኪና እየተዘዋወረ የሚጠብቀው መደበኛ ፖሊስ ነው። እሱ ሦስት ነገር ያደርጋል፦ በሕይወት ያለ ሰው መኖሩን ያያል፤ ገዳዩ ውስጥ አለመደበቁን ያረጋግጣል፤ ከዚያ በገባበት መንገድ ወጥቶ በሩን ይይዛል። ሁለት ክልል ይታጠራል። የውስጠኛው አስከሬኖቹና ማስረጃው ያሉበት ነው። የውጭኛው ለመኪናዎች፣ ለአለቆችና ለመሣሪያ ማስቀመጫ ይሆናል፤ ጋዜጠኛና ጎረቤት ከዚያ ማዶ ነው። በውስጠኛው በር ላይ አንድ ሰው መዝገብ ይዞ ይቆማል፤ የገባ ሁሉ ስሙ፣ የገባበትና የወጣበት ሰዓት፣ የገባበት ምክንያት ይጻፋል። አዛዥም ቢሆን አይቀርለትም። ከዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ላይ ተከላካይ ጠበቃው ቀድሞ የሚጠይቀው ያንን መዝገብ ነው።

አምቡላንስ ከነበረ ሠራተኞቹ የት እንደረገጡ፣ የትኛውን ልብስ እንደቀደዱ፣ አስከሬኑን እንዳገላበጡት ይጠየቃሉ፤ የጫማቸው ሶል ፎቶ ይነሳል። የቤተሰቡ አባላትም የጣት አሻራና ከጉንጫቸው ውስጥ በጥጥ የተወሰደ የዲኤንኤ ናሙና ይሰጣሉ። ይህ የሚደረገው ተጠርጥረው አይደለም፤ በቤቱ ውስጥ ሊገኝ የሚገባውን ለይቶ ለማውጣት ነው። ለሐዘንተኛ ይህን ማስረዳት የመርማሪው ኃላፊነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ሳይብራራ ስለሚቀር ቤተሰብ ይቀየማል።

ቴሌቪዥኑ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ደግሞ የብርበራ ማዘዣን ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1978 ሚንሲ እና አሪዞና በተባለው ጉዳይ፣ ግድያ ተፈጽሟል ተብሎ ብቻ ያለ ማዘዣ ቤት መበርበር እንደማይቻል ወስኗል። በዚያ ጉዳይ ፖሊስ አንድ አፓርታማ ለአራት ቀን ፈትሾ ከ200 በላይ ዕቃ ወስዶ ነበር። ስለዚህ ፖሊስ የተጎዳ ሰው ለመርዳትና ገዳይ ለመፈለግ ወዲያው መግባት ይችላል፤ መሳቢያ ለመክፈት ግን ዳኛ የፈረመው ማዘዣ ወይም የመፍቀድ ሥልጣን ያለው ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሁለቱም የቤቱ ባለቤቶች ሲሞቱ ማን ይፈቅዳል? ገዳዩ እዚያው የሚኖር ልጅ ወይም ዘመድ ቢሆንስ? በዚህ ምክንያት ልምድ ያለው መርማሪ ማዘዣው እስኪመጣ በሩን ጠብቆ ይቆያል።

አስከሬኑም የፖሊስ አይደለም። እንደየአካባቢው የኮሮነሩ (የሞትን ምክንያት የሚያጣራው ሹም) ወይም የሕክምና መርማሪው ነው፤ የእነሱ ሰው ሳይደርስ ማገላበጥ፣ ኪስ መፈተሽ አይቻልም።

ከሌላው ሥራ የሚቀድም አንድ የሰፈር ጉዳይ አለ፦ የሣር ማጠጫው። በእነዚህ ሰፈሮች ውሃው በሰዓት ቆጣሪ ንጋት ላይ በራሱ ይከፈታል። ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር አፈር ላይ የጫማ ዱካ ካለ፣ ቆጣሪውን ቀድሞ ያላጠፋ ቡድን ዱካውን በዓይኑ እያየ ያጣዋል። ዱካው መጀመሪያ ከላይ ቀጥ ብሎ በተተከለ ካሜራ፣ ጎኑ ማስመሪያ ተቀምጦ፣ ባትሪው ከጎን ዝቅ ተደርጎ እየበራ ከየአቅጣጫው ይነሳል። ከዚያ ዴንታል ስቶን በሚባለው የጥርስ ሐኪሞች ዱቄት ይቀዳል፦ 900 ግራም ያህል ዱቄት ባለዚፕ ላስቲክ ውስጥ፣ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ፣ እስኪቀጥን ከውጭ ማሸት። ድብልቁ በቀጥታ ዱካው ላይ ከተፈሰሰ ዝርዝሩን ያጠፋዋል፤ ከጎን ተፈስሶ በራሱ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይነካ ይቆያል፤ ከተነሳ በኋላም ሁለት ቀን አየር ላይ ሳይደርቅ አይቦረሽም።

የእጅ ባትሪውም ቢሆን ቦታ አለው። በወለል ላይ የአቧራ ዱካ የሚታየው ባትሪ ከመሬት ጋር ሊነካ ምንም ሳይቀረው ሲበራ ነው። ለሌላው ሥራ ግን መብራት ይበራል፣ ካልበቃም ከውጭ ይመጣል። በጨለማ የሚሠራ ቡድን ማስረጃ ይረግጣል።

አሁን ወደ ሁለቱ አስከሬኖች። ባልየው ኮሪደር ላይ፣ ሚስትየዋ መኝታ ቤት አሉ እንበል። ጥሩ ቡድን ከመጀመሪያው ደቂቃ ቤቱን ለሁለት ይከፍለዋል፤ የኮሪደሩን የሚሠራ ሰው መኝታ ቤቱን አይነካም፣ የመኝታ ቤቱም እንዲሁ። የሰው እጥረት ካለ አንዱ ጨርሶ ጓንት፣ የእግር መሸፈኛና መደረቢያ ለውጦ ወደ ሌላው ይሄዳል። ፎቶው ከየክፍሉ አራት ማዕዘን ይጀምራል፣ ወደ መካከለኛ ርቀት፣ ከዚያ ወደ ቅርብ ይመጣል። እያንዳንዱ የቅርብ ፎቶ ሁለት ጊዜ ይነሳል፣ አንዴ ያለ ማስመሪያ፣ አንዴ ከማስመሪያ ጋር፤ ማስመሪያው የደበቀው ነገር የለም ለማለት ነው።

የሟቾቹ እጆች በወረቀት ከረጢት ይሸፈናሉ፤ ጥፍር ሥር የታገሉት ሰው ቆዳ ሊኖር ይችላል። ላስቲክ አይሆንም፣ ያልባል። እያንዳንዱ አስከሬን በየራሱ አዲስ ነጭ አንሶላ ተጠቅልሎ በየራሱ ከረጢት ይገባል፤ አንሶላው የሚወድቀውን ፀጉርና ክር ይይዛል፣ በኋላም ራሱ ኤግዚቢት ይሆናል። ልብሳቸው በአንድ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ቀን አይዘረጋም። ቢቻል ሁለት ክፍል፣ ካልተቻለ ሁለት የተለያየ ቀን፤ በመካከል ጠረጴዛው በበረኪና ይጸዳል፣ ወረቀቱ ይለወጣል።

ከደም ናሙና አወሳሰድ አንዱን በቅርብ እንየው። ግድግዳው ላይ የደረቀ ጠብታ አለ። አዲስ ጓንት ይደረጋል። ንጹሕ የጥጥ ዘንግ በአንድ ጠብታ ንጹሕ ውሃ ይረጥባል፤ ከበዛ ደሙን ያቀጥነዋል። ዘንጉ እየተሽከረከረ ጠብታው ላይ ይታሻል፣ ደሙ ጫፉ ላይ እንዲሰበሰብ። ቀጥሎ ደረቅ ዘንግ የቀረውን ያነሳል። ከጎኑ ደም ከሌለበት ቦታም ለማነጻጸሪያ ሌላ ዘንግ ይወሰዳል። ሦስቱም ይደርቃሉ፣ ወረቀት ፖስታ ውስጥ ይገባሉ፣ ይታሸጋሉ፣ እሽጉ ላይ የሰብሳቢው ፊርማ፣ ቀንና ሰዓት ያርፋል። ላስቲክ የሚከለከልበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ እርጥብ ደም ታፍኖ ሲሞቅ ባክቴሪያና ሻጋታ ያፈራል፣ እነሱም ዲኤንኤውን ይበሉታል። ፖስታው ከዚህ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቁጥር ይፈረምበታል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማየት ድራማ አያስፈልገንም፤ ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን የተከታተለው ጥንድ ግድያ አለ። ጁን 12 ቀን 1994 ሌሊት ሎስ አንጀለስ ውስጥ ብሬንትዉድ በተባለው ባለ ገንዘብ ሰፈር ኒኮል ብራውን ሲምፕሰንና ሮን ጎልድማን በስለት ተገደሉ። ተከሳሹ የቀድሞ ባለቤቷ፣ የአሜሪካን ፉትቦል ኮከቡ ኦ ጄ ሲምፕሰን ነበር። ደም ነበረ፣ የጫማ ዱካ ነበረ፣ ጓንት ነበረ፣ ዲኤንኤ ነበረ። ላብራቶሪው ያወጣው ቁጥር ለዐቃቤ ሕግ በጣም ጠንካራ ነበር። ተከላካዮቹ ቁጥሩን ብዙም አልተጋፉም፤ ናሙናው ላብራቶሪ ከመግባቱ በፊት ያለፈበትን መንገድ ያዙ።

አስከሬኖቹ ከእኩለ ሌሊት ጥቂት እንዳለፈ ቢገኙም የኮሮነሩ ሰዎች የደረሱት ከነጋ በኋላ ነው። መርማሪ ከቤቱ ውስጥ ብርድ ልብስ አምጥቶ ኒኮልን አለበሳት፤ ለሟች ክብር የተደረገ መልካም አሳብ ነው፣ ነገር ግን ተከሳሹ በሚመላለስበት ቤት ውስጥ የነበረ ብርድ ልብስ ፀጉርና ክር ወደ አስከሬኑ ሊያመጣ እንደሚችል ለተከላካይ ሰበብ ሰጠ። የደም ናሙናዎቹ እርጥብ ሳሉ በላስቲክ ተደርገው መኪና ውስጥ ለሰዓታት በሙቀት ቆዩ። ከሲምፕሰን የተቀዳውን ደም ጠርሙስ አንድ መርማሪ ወዲያው ከማስመዝገብ ይልቅ ይዞት ወደ ሲምፕሰን ቤት፣ ማስረጃ ወደሚሰበሰብበት ቦታ ሄደ። የቀዳው ነርስ 8 ሚሊ ሊትር ያህል ነው ብሎ ስለነበር፣ በመዝገብ ከተገኘው ጋር ሲነጻጸር 1.5 ሚሊ ሊትር ገደማ ጎደለ ተባለ። በኒኮል ቤት የጓሮ በር ላይ የነበረው ደም የተነሳው ከሦስት ሳምንት በኋላ ጁላይ 3 ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ከተሰበሰቡት ይልቅ ብዙ ዲኤንኤ ሲገኝበት ተከላካዮቹ ‹‹በኋላ የተቀባ ነው›› የሚል ክርክር አገኙ። አስከሬን መርማሪው የኒኮልን የሆድ ይዘት ጥሎታል፤ የሞት ሰዓትን ለመገመት ይረዳ ነበር።

ጁሪው (ለመፍረድ ከሕዝቡ የተመረጡት ሰዎች) ኦክቶበር 3 ቀን 1995 ነጻ ለቀቀው። በ1997 የፍትሐ ብሔር ጁሪ ደግሞ ለሁለቱ ግድያ ተጠያቂ ነው ብሎ 33.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረደበት። የወንጀሉ ውሳኔ ላይ ሰው የተለያየ አስተያየት አለው። ለእኛ ሙያ ግን ትምህርቱ ግልጽ ነበር፤ ዛሬ ወረቀት ፖስታ፣ የማድረቂያ ቁም ሣጥንና የተጠርጣሪን ናሙና ከወንጀል ሥፍራው ናሙና በጊዜና በክፍል ለይቶ መክፈት ከዚህ ችሎት በኋላ ይበልጥ ጥብቅ ሆነ።

የሞት ሰዓት ላይ ድራማው በጣም ይበድላል። ሐኪሙ አስከሬኑን ነክቶ ‹‹ከ3 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል›› ይላል። እንዲህ የሚባል ነገር የለም። የአስከሬን መገተር ከሞት በኋላ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ 12 ሰዓት ገደማ ሲያልፍ ይሞላል፣ ከአንድ ቀን በኋላ ይለቃል። ወደ ታች የወረደው ደም ቀለሙ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ውስጥ ይረጋል፤ ከዚያ በኋላ አስከሬኑ ከተገላበጠ በቀለሙ ይታወቃል። የሰውነት ሙቀት በሰዓት ወደ 0.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወርዳል ይባላል፣ ይህም ሻካራ ግምት ነው። የክብደትን፣ የልብስንና የአየሩን ሙቀት የሚያስገባው የሄንስገ ስሌት እንኳ በጥሩ ሁኔታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ 2.8 ሰዓት ይስታል። ብርድ ልብስ ውስጥ የተገኘች ሴትና ኤር ኮንዲሽነር ሥር ንጣፍ ድንጋይ ላይ የወደቀ ወንድ በአንድ ደቂቃ ቢሞቱ እንኳ በሦስት ሰዓት የተለያዩ ሊመስሉ ይችላሉ። ስለዚህ ‹‹እሷ ቀድማ ሞተች›› የሚል ድምዳሜ ከሙቀት መለኪያ ብቻ አይገኝም።

ማን ቀድሞ ሞተ የሚለው ደግሞ ለውርስ ጭምር ይፈለጋል። ሁለቱም ኑዛዜ ካላቸው ወይም ከሌላ ጋብቻ ልጆች ካሏቸው የደቂቃ ልዩነት ንብረቱን ወደ ሌላ ወገን ሊያዞረው ይችላል። ብዙ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ይህን ጣጣ በሕግ ቆርጠውታል፦ አንዱ ከሌላው ሞት በኋላ 120 ሰዓት በሕይወት ካልቆየ እንዳልወረሰው ይቆጠራል።

ቅደም ተከተልን የሚናገረው ብዙ ጊዜ ደሙ ነው። የባልየው ደም በሚስትየዋ ጫማ ሶል ላይ ከተገኘ እሱ ከደማ በኋላ በሕይወት ተራምዳለች ማለት ነው። በብሬንትዉዱ ችሎት ዐቃቤ ሕጎች የባዶ እግሯ ኒኮል መርገጫ ደም እንዳልነካው አሳይተው፣ ደሙ ከመፍሰሱ በፊት ወድቃለች ብለው ተከራክረዋል። እንዲህ ዓይነት ቀላል ምልከታ ከተራቀቀ መሣሪያ ይበልጥ ይጠቅማል፤ የሚገኘው ግን የሁለቱ ጫማና ልብስ ሳይነካካ ከደረሰ ብቻ ነው።

ያ የሚንቦገቦገው ግድግዳስ? ሉሚኖል የሚባለው ኬሚካል ከደም ብረት ጋር ሲገናኝ በራሱ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል፣ ለግማሽ ደቂቃ ያህል። ሌላ መብራት አያስፈልገውም። በሰማያዊ ወይም በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ደም አይበራም፣ ይጠቁራል። ሉሚኖል በረኪናን፣ መዳብንና አንዳንድ አትክልቶችንም ያበራል፤ ወጥ ቤት በበረኪና የታጠበ ከሆነ ወለሉ ሁሉ ይበራል፣ ያ ደግሞ ደም ነው ማለት አይደለም። ፈሳሽ በመሆኑም የደሙን ቅርጽ ያፈሰዋል፣ ዲኤንኤውን ያቀጥነዋል። ስለዚህ የሚረጨው መጨረሻ ላይ፣ የሚታየው ሁሉ ከተነሳ በኋላ ነው።

የደም ጠብታ ቅርጽም ስሌት አለው። ጠብታው ሞላላ ከሆነ ስፋቱ ለርዝመቱ ሲካፈል የመጣበትን ማዕዘን ሳይን ይሰጣል፦ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 10 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 30 ዲግሪ። ይህ እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው። ከዚያ አልፎ ‹‹ገዳዩ ግራኝ ነው፣ እዚህ ቆሞ ሦስት ጊዜ መታ›› ሲባል ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ በ2009 ባወጣው ሪፖርት በደም ቅርጽ ትንተና ላይ ያለው እርግጠኛ ያለመሆን እጅግ ሰፊ መሆኑን አስጠንቅቋል። የሁለት ሰው ደም በተደራረበበት ክፍል ደግሞ የትኛው ጠብታ የማን እንደሆነ ዲኤንኤ ሳይለይ የጠብታዎቹን መነሻ ለማሳየት የሚዘረጋ ክር ሁሉ ግምት ነው።

ወደ ላብራቶሪው እንግባ። ዲኤንኤ ከሴሉ ይወጣል፣ መጠኑ ይለካል፣ በፒሲአር 30 ገደማ ዙር ይባዛል፣ በቀጭን ቱቦ ውስጥ በኤሌክትሪክ ይለያል፣ በመጨረሻ ሰው ቁጭ ብሎ ያነበዋል። ለጥሩ ውጤት አንድ ናኖግራም (የግራም ቢሊዮንኛ) ወይም ከዚያ ያነሰ ይበቃል። ሌላ ሥራ ተትቶ ቢሠራ ሁለት ሦስት ቀን፤ በተለመደው ወረፋ ሳምንታትና ወራት ይፈጃል። የኤፍቢአይ መረጃ ቋት ኮዲስ ከ2017 ጀምሮ 20 የዲኤንኤ ቦታዎችን ያነጻጽራል፣ ከዚያ በፊት 13 ነበሩ። ቋቱ ውስጥ የሰው ስምም ፎቶም የለም፤ የላብራቶሪው መለያና የናሙናው ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ተመሳሳይ ሲገኝ ላብራቶሪዎቹ ይገናኛሉ፣ ያረጋግጣሉ፣ ከዚያ ከተጠርጣሪው በማዘዣ አዲስ ናሙና ይወሰዳል።

በጥንድ ግድያ ላይ ዋናው ፈተና ድብልቅ ነው። እያንዳንዳችን በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ሁለት ምልክት አለን፣ አንዱ ከአባት አንዱ ከእናት። የሦስት ሰው ድብልቅ በአንድ ቦታ እስከ ስድስት ምልክት ያሳያል። አሁን ሟቾቹ ባልና ሚስት ናቸው፣ የተጠረጠረው ደግሞ የገዛ ልጃቸው ነው እንበል። ድራማው ይህን ታሪክ ይወደዋል፤ ላብራቶሪው ግን ይጨነቅበታል። የልጁ ምልክት ሁሉ ከሁለቱ ወላጆች የተወረሰ ነውና፣ የአባትና የእናት ደም በተቀላቀለበት ናሙና ውስጥ የልጁ መገለጫ ሙሉ በሙሉ ተሸፍኖ ሊቀመጥ ይችላል። ‹‹ልጁ ከድብልቁ ሊወገድ አልቻለም›› የሚለው አነጋገር ምንም አያስረዳም፤ ምንም ያልነካ ልጅም ሊወገድ አይችልም። ኤስቲአርሚክስና ትሩአሌል የተባሉት ፕሮግራሞች የምልክቶቹን ጉልበት እያመዛዘኑ ግምቱን በቁጥር ይሰጣሉ፣ በተለይ የወላጆቹ ናሙና ሲኖር። ይሁንና ልጁ እዚያው የሚኖር ከሆነ ዲኤንኤው በበር እጀታ ላይ መገኘቱ ራሱ ዋጋ የለውም። እዚህ ላይ ክብደት ያለው ጥያቄ ዲኤንኤው የማን ነው ሳይሆን እንዴት እዚያ ደረሰ የሚለው ነው፤ ለዚህ መልሱ ያለው በወንጀል ሥፍራው ፎቶና መዝገብ ውስጥ ነው።

አሻራም እንዲሁ። ኮምፒውተሩ ‹‹ተገኘ›› ብሎ አያበራም፤ ተቀራራቢ የሆኑ ሰዎችን ዝርዝር ይሰጣል፣ ባለሙያ አንድ በአንድ ያያል፣ ሁለተኛ ባለሙያ ይደግመዋል። ቋቱ በሰፋ ቁጥር በጣም የሚመሳሰል የሌላ ሰው አሻራ የመገኘቱ ዕድል ይጨምራል። በ2004 የማድሪድ ባቡሮች ከተፈነዱ በኋላ የኤፍቢአይ ባለሙያዎች በአንድ ላስቲክ ላይ የተገኘን አሻራ ብራንደን ሜይፊልድ የተባለ የኦሪገን ጠበቃ ነው አሉ። ሦስት ባለሙያዎች ተስማሙ። የስፔን ፖሊስ ግን አሻራው የሌላ ሰው መሆኑን አሳየ፤ ሜይፊልድ ሁለት ሳምንት ታስሮ ተለቀቀ፣ መንግሥት ይቅርታ ጠይቆ 2 ሚሊዮን ዶላር ካሰው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ባለሙያ የመጀመሪያውን መልስ ያውቁ ነበር።

በድራማው ያው ሰው አስከሬኑን ያያል፣ ከሟች እናት ጋር ያለቅሳል፣ ተጠርጣሪውን ይጠላል፣ ከዚያ ማይክሮስኮፕ ላይ ይቀመጣል። ያ ሰው ማየት የፈለገውን ያያል፤ ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ ሰው ስለሆነ ነው። ጥንቁቅ ላብራቶሪ ተንታኙ መጀመሪያ የወንጀል ሥፍራውን አሻራ ብቻ አይቶ ያየውን እንዲጽፍ ያደርጋል፤ የተጠርጣሪው አሻራ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ተናዟል፣ የወንጀል መዝገብ አለው የሚለው ወሬ አይነገረውም። ጥያቄና እስር የመርማሪ ፖሊስ ሥራ ነው።

አሜሪካ የምትኖሩና ዜግነት ያገኛችሁ አድማጮቼ፣ ይህ ሩቅ ጉዳይ አይደለም፤ ድራማው የተቀመጠበት ላስ ቬጋስ ራሱ ብዙ ኢትዮጵያዊ ያለበት ከተማ ነው። የጁሪ ደብዳቤ ይመጣላችኋል። በአገር ቤት ፍርዱ የዳኞች ነው፤ እዚያ ግን ማስረጃውን የምትመዝኑት እናንተ ናችሁ። ዶናልድ ሼልተን የተባሉ የሚሺጋን ዳኛ በ2006 ለጁሪ የተጠሩ አንድ ሺህ ያህል ሰዎችን ጠይቀው፣ 46 በመቶው በማንኛውም የወንጀል ጉዳይ ሳይንሳዊ ማስረጃ እንደሚጠብቁ፣ 22 በመቶው ደግሞ ሁልጊዜ ዲኤንኤ እንደሚጠብቁ አግኝተዋል። ባለሙያ ቆሞ ሲመሰክር ናሙናው ከየት እንደተነሳ፣ በምን እንደታሸገ፣ ከሌላው ሟች ናሙና ጋር መቼ በአንድ ክፍል እንደነበረ አድምጡ። ‹‹ይመሳሰላል››፣ ‹‹ሊወገድ አልቻለም›› እና ‹‹የእሱ ነው›› ሦስት የተለያዩ መልሶች ናቸው፤ ዐቃቤ ሕግም ተከላካይም አንዱን በሌላው ቦታ ሊያስገቡባችሁ ይሞክራሉ።

በመጨረሻ ቤቱ ይመለሳል፤ ይህንንም ድራማው አያሳይም። ከመለቀቁ በፊት ሁለት ሰዎች ዝርዝሩን ይዘው ከክፍል ክፍል ይሄዳሉ፦ የተነሳው ኤግዚቢት ሁሉ ከነቁጥሩ አለ ወይ? የተጣለ ጓንት፣ የቀረ መሣሪያ አለ ወይ? ከተለቀቀ በኋላ ተመልሶ ለመግባት አዲስ ማዘዣ ወይም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያኔ የሚገኝ ነገርም ማን ገብቶ እንደነካው ስለማይታወቅ ዋጋው ይወርዳል። ጽዳት የፖሊስ ሥራ አይደለም። ደም ምንጣፉን አልፎ ከሥሩ ወዳለው ስፖንጅና እንጨት ስለሚሰርግ ተቆርጦ መውጣት አለበት፤ ይህን የሚሠሩ ፈቃድ ያላቸው ድርጅቶች አሉ። ጥቁሩ የአሻራ ዱቄትም በእርጥብ ጨርቅ ከታሸ ይስፋፋል፣ መጀመሪያ በደረቁ ይነሳል። ወጪው በቤተሰቡ ትከሻ ላይ ይወድቃል። በብዙ ክፍለ ግዛቶች ግን የወንጀል ተጎጂዎች ካሳ ፈንድ የቀብርንና የጽዳትን ወጪ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ይከፍላል፤ የቤት ኢንሹራንስም አንዳንዴ ይሸፍናል። ማመልከቻው የጊዜ ገደብ አለው። የፖሊስ ሪፖርቱን ቁጥር ያዙ፣ ከማስጸዳታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ደረሰኝ አትጣሉ፤ በዐቃቤ ሕግ ቢሮ የተጎጂዎች አማካሪ የሚባል ሠራተኛ አለ፣ አስተርጓሚ እንዲመደብላችሁም እሱን ጠይቁ።